የሽቦ መኪናና የሪሞት መኪና በባሌ ደጋ



የትምህርት ዕረፍት በተቃረበ ቁጥር «ልጆቹን የት ይዤያቸው ልሂድ?» የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ይነሣል። በተለይ የቢሮ ወይም የፋብሪካ ሠራተኛ የሆነች እናት ያላት ጊዜ የዓመት ፈቃዷ ብቻ ስለሆነ፣ ያ ጥቂት ቀን በከንቱ እንዳያልፍባት ትጨነቃለች። የዛሬው ጽሑፋችን እርስዎን ከነልጆችዎ ይዞ ወደ ባሌ ደጋ፣ ወደ ሮቤና ወደ ጎባ ይወጣል። መንገዱ ረጅም ነው፤ ብርዱም የዋዛ አይደለም። ሆኖም ልጅ ከከተማ ወጥቶ ሰፊ ሜዳ፣ ፈረስና የዱር እንስሳ በዓይኑ የሚያይበት ሥፍራ ከፈለጉ ከዚህ የተሻለ በቀላሉ አያገኙም።

አንድ ሌላ ጉዳይም አብሮ ይነሣል። ዛሬ ዛሬ ውጭ አገር ያለ አጎት ወይም አክስት በሪሞት የሚታዘዝ መኪና ለልጆች መላክ የተለመደ ሆኗል። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ተራ መጫወቻ አይደሉም፤ ጎማቸው ጥርስ ያለው፣ አሞርዛተር የተገጠመላቸው፣ በአፈርና በድንጋይ ላይ ለመሽቀዳደም የተሠሩ ናቸው። በአዲስ አበባ ግቢ ውስጥ ይህን መኪና መንዳት ድመትን በሳጥን ውስጥ እንደማስሮጥ ነው። ስለዚህ ልጁ «ባሌ ስንሄድ ይዤው ልሂድ፣ እዚያ ሜዳ አለ» ማለቱ አይቀርም። እናት ምን ብላ ትመልስለት? «አዎን» ወይም «አይሆንም» ብሎ በአጭሩ መመለስ ያስቸግራል፤ ምክንያቱም የባሌ ሜዳ ሁሉ አንድ ዓይነት ሜዳ አይደለም።

መንገዱን እናስቀድም። ከአዲስ አበባ በአዳማና በአሰላ በኩል ሮቤ ለመድረስ 430 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ያስፈልጋል። ከአሰላ አልፈው በቆጂን ሲያገኙ፣ እዚህ አካባቢ ደራርቱ ቱሉ መወለዷን ለልጆችዎ ይንገሯቸው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1992 በባርሴሎና ኦሎምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ያሸነፈችው እርሷ ናት። ሴት ልጅ ካለችዎት ደግሞ ሁለት ጊዜ ይንገሯት። ከዚያ አሳሳን፣ ዶዶላንና አዳባን አልፈው ወደ ዲንሾ ሲወጡ አየሩ ይለወጣል። የመኪናው መስኮት እርስ በርሱ የተጋጨ ትንፋሽ ይይዛል፤ ጋቢና ሹራብ ከሻንጣ ሥር ያስቀመጠች እናት መንገድ ላይ ሻንጣ ትፈታለች። ከላይ ያስቀምጡት።

በዚህ መንገድ ዳር የልጆችን መኪና ይመልከቱ። የፋብሪካውን ማለታችን አይደለም። ከሽቦ የተጠማዘዘ፣ መሪው በረጅም እንጨት ወይም ሽቦ እስከ ልጁ ደረት የሚደርስ፣ ጎማው ከአሮጌ ነጠላ ጫማ የተቆረጠ መኪና ነው። አንዳንዱ ቆርኪ በፋና ቦታ ይሰካል፤ አንዳንዱ የሰርዲን ጣሳ አካል ያደርግለታል። ቁልቁለት ባለበት ደግሞ ኩሽኔታ አለ፤ ሦስት ወይም አራት አሮጌ ኩሽኔታ ከጋራዥ ተለምኖ በሳንቃ ሥር ይገጠምና ልጁ ራሱ ተቀምጦበት ይወርዳል። ኩሽኔታ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ጀሮ መያዝ ነው! ብዙዎቻችን የዚህ ጨዋታ ጠባሳ ጉልበታችን ላይ አለን።

ባለፈው ጥር ሮቤ በነበርን ጊዜ አንዲት ሻይና ዳቦ የምትሸጥ እናት ደጃፍ ላይ ያየነውን የሽቦ መኪና አንረሳውም። የዘጠኝ ዓመት ልጇ ነው የሠራው። በየጎማው በላይ ከእስክሪፕቶ ውስጥ የወጣች ትንሽ ሞላ ገጥሞለታል። መኪናው ድንጋይ ሲረግጥ ጎማው ብቻ ከፍ ይልና ሰውነቱ ሳይናወጥ ያልፋል። ይህ በእውነተኛውም የውድድር መኪና ላይ ያለው አሠራር ነው፤ ልጁን ያስተማረው ግን የለም። እናቱን ጎማውን ከየት እንዳመጣ ጠየቅናት።

«ከእኔ ጫማ ነዋ!» አለችን እየሳቀች። «አንዱን እግር ቆረጠው፤ ሌላው አለ። ቆርጦ ሲጨርስ ነው የነገረኝ።»

አብራን የነበረች የአሥራ ሁለት ዓመት የእህቴ ልጅ ከአጎቷ የተላከላትን የሪሞት መኪና አወጣች። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ተሰበሰበ። መኪናዋ አንድ ጊዜ ተወርውራ አቧራ አስነሥታ ስትመለስ ጩኸቱ ተሰማ። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ግን አልጮኸም። ጎንበስ ብሎ ሥሯን አየና የሽቦ መኪናውን ከኋላው ደበቀ። ይህችን ቅጽበት ማንኛዋም እናት ታውቃታለች። ውድ ዕቃ ይዞ የሰው አገር መሄድ እንደዚህ ያለ ነገር አለበት፤ ልጆቻችንን ለዚህ ሳናዘጋጅ ይዘናቸው እንሄዳለን። እንዴት እንደቀጠለ በኋላ እንመለስበታለን።

በመጀመሪያ ይህ መኪና ምን እንደሆነ እንረዳው። ልጁ በእጁ የያዘው መሣሪያ የሬዲዮ ሞገድ ይልካል፤ በመኪናው ውስጥ ያለው ተቀባይ ትእዛዙን ይቀበልና አንዱን ለመሪው፣ ሌላውን ለሞተሩ ያስተላልፋል። ጉልበቱ የሚመጣው ከባትሪ ነው። ቀድሞ ሁለት ልጆች በአንድ ዓይነት ሞገድ ከነዱ አንዱ የሌላውን መኪና ይጎትት ስለነበረ ከውድድር በፊት ሞገድ መከፋፈል ግዴታ ነበር፤ የአሁኖቹ ግን ነጻ ሞገድ ራሳቸው ፈልገው ስለሚይዙ ይህ ጣጣ ቀርቷል። በብዛት ለውድድር የሚቀርበው የእውነተኛው መኪና አንድ አሥረኛ የሚያህል ነው። ክብደቱ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ሲሆን ፍጥነቱ በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር ሊያልፍ ይችላል። አንድ ኪሎ ተኩል ስኳር በዚህ ፍጥነት ቁርጭምጭሚትዎን ሲመታዎት ያስቡት። «መጫወቻ ነው» ብለው ሕፃን በሚድህበት አያስነዱት።

ጨዋታው ወደ ውድድር ያደገው በጃፓንና በአሜሪካ ነው። የጃፓኑ ታሚያ ኩባንያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1979 በአሸዋና በአፈር ላይ የሚሄዱ መኪኖችን አወጣ፤ በ1984 ደግሞ በካሊፎርኒያ ለእሽቅድምድም ታስቦ የተሠራው አርሲ10 የተባለው መኪና ገበያ ላይ ዋለ። በዓመቱ፣ በ1985፣ እዚያው ካሊፎርኒያ ዴል ማር በተባለች ከተማ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ተካሄደ። ከዚያ በኋላ ስሙ የገነነው ጃፓናዊው ማሳሚ ሂሮሳካ ነው። በልዩ ልዩ የውድድር ዓይነት 14 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ መኪናውን ሲያዘጋጅለት የኖረውም አባቱ ነው። ወንድና ሴት፣ ትልቅና ትንሽ በአንድ መስመር የሚሰለፉበት ውድድር ስለሆነ ቤተሰብ ሙሉ ቅዳሜን በሜዳ ያሳልፍበታል። ዋጋው ግን ይታወቅ፤ ለእውነተኛ ውድድር የሚበቃ መኪና ከነባትሪውና ከነመለዋወጫው ከአንድ ተራ ሠራተኛ የወር ደመወዝ እጅግ ይልቃል።

የውድድሩ ደንብ ለእኛ የሚጠቅም ሆኖ ያገኘነው አንድ ነገር አለው። ዙሩ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ደቂቃ ነው፤ በአምስት ደቂቃ ብዙ ዙር የዞረ ያሸንፋል። ነጂዎቹ ሁሉ ከፍ ባለ አንድ መድረክ ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ከመኪናቸው ኋላ አይሮጡም። መኪና በተገለበጠ ጊዜ ታዲያ ማን ያነሣዋል? የራሱን ዙር የጨረሰ ተወዳዳሪ ነው። እርሱ ጨርሶ ሲወርድ ሪሞቱን ያስቀምጥና በተመደበበት ጠምዛዛ ላይ ሄዶ ይቆማል፤ በሚቀጥለው ዙር የሌሎችን፣ የተቀናቃኞቹንም ጭምር፣ የተገለበጠ መኪና እየሮጠ ያቃናል። ይህን ሥራ ትቶ ሻይ ሊጠጣ የሄደ ሰው ውጤቱ ሊሰረዝበት ይችላል። አሸናፊውም፣ የመጨረሻውም እኩል ይቆማሉ።

ወደ ሮቤው ደጃፍ እንመለስ። የእህቴ ልጅ ይህን ደንብ ታውቅ ነበርና አምስት ልጆች በአምስት ጠምዛዛ አቆመች፤ ከዚያ ሪሞቱን በየተራ አዞረችው። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ተራው ሲደርስ ከሁሉ ቀስ ብሎ ነዳ፤ አንድ ጊዜም አልተገለበጠም። ሩብ ሰዓት ያህል እንደሄዱ ባትሪው አለቀ። ያኔ የሽቦው መኪና ከተደበቀበት ወጣ፤ በዚያው መስመር ላይ የሩጫ ውድድር ተጀመረ። በሽቦ መኪና የሚያልቀው የልጁ ትንፋሽ ነው እንጂ ባትሪ አይደለም። የአዲስ አበባዋ ልጅ ሁለት ዙር ሳትጨርስ ቁጭ አለች። የልጁ ታናሽ እኅት፣ ሽቦውን ይዛ ያጣመመችለት እርሷ እንደሆነች ኋላ ነው የሰማነው፣ መሪውን ለመጀመሪያ ጊዜ የያዘችው በዚያ ቀን ነበር። እናትየው ይህን አየችና «ለካ እርሷም ትነዳለች» አለች።

ሮቤ እንዲህ ላለ ጨዋታ የተመቸች ከተማ ናት። ሜዳማ ነች፤ በዙሪያዋ እስከ ሲናና ድረስ የስንዴ ማሳ ተዘርግቷል፤ በመከር ጊዜ ኮምባይነሮች እንደ መርከብ ሲንሳፈፉ ያያሉ። አፈሩ ግን በብዙ ቦታ ዋልካ ነው። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲረጥብ ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ስለዚህ ዝናብ ከጣለ በነጋታው ማንም አይነዳም። ትምህርት ቤት ወይም ቀበሌ ሜዳውን ከፈቀደ መስመሩን ማዘጋጀት ቀላል ነው። የተቀዳደደ የውሃ ጎማ ወይም ገለባ የተሞላ የማዳበሪያ ከረጢት ጠርዝ ይሆናል፤ ሁለት አካፋ አፈር ተቆልሎ ቢጠቀጠቅ መዝለያ ነው፤ ነጂዎቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ይቆማሉ። ዙር ቆጣሪዋ እናት ለእያንዳንዱ ልጅ አንዳንድ ጣሳ ታስቀምጥና መኪናው ባለፈ ቁጥር አንድ ባቄላ ትጥላለች። ክርክር ሲነሣ ባቄላው ይቆጠራል። ፈረስና ጋሪ በሚያልፍበት መንገድ አጠገብ ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ በእግሩ ሥር ድንገት የሚጮህ ነገር ያየ ፈረስ ጋሪውን ከነተሳፋሪው ይዞ ይሄዳል።

ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎባ ጥንት የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ የነበረች፣ ከሮቤ ከፍ ብላ በተራራው እግር የተቀመጠች ናት። ጠዋት ጭስ ከየቤቱ ክዳን ላይ ተኝቶ ይቆያል፤ እስከ አራት ሰዓት ድረስ ሰው ሁሉ እንደተከናነበ ነው። ከዚህ ተነሥቶ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው መንገድ ጥዱንና ኮሶውን፣ ከዚያ አስታውን እየሰነጠቀ ወደ ሳነቴ አምባ ይወጣል። አምባው ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ይደርሳል። አየሩ ባሕር ጠረፍ ካለው ስድስት አሥረኛው ያህል ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ በ92 ዲግሪ ገደማ የሚፈላው ውሃ እዚህ 87 ሳይሞላ ይፈላል፤ ለሽርሽር ባቄላ ልቀቅል ብለው ቢነሡ ማታ ይደርስልዎታል። ቀቅለው ይሂዱ። ነፍሰ ጡር የሆነች፣ የልብ ወይም የደም ማነስ ሕመም ያለባት ሴት ከመውጣቷ በፊት ሐኪም ታማክር። ልጅ ራሱን ካመመውና ካስመለሰው መድኃኒቱ ቶሎ ወደ ታች መውረድ ነው።

እዚህ ላይ በነዳጅና በኤሌክትሪክ መካከል ያለው ልዩነት በግልጽ ይታያል። የነዳጅ ሞተር እንደ እኛው አየር ይስባል፤ አየር አጋዥ ተርቦ ከሌለው በዚህ ከፍታ ከጉልበቱ ሲሶ ያህሉን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተር አይተነፍስም፤ ስለዚህ ዳገቱ አያደክመውም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በከተማችን በዝቷልና የልጁ መኪና የትልቁን ጠባይ በትንሹ ያስተምራል። ብርድ ግን ሁለቱንም ያጠቃል። በሳነቴ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ የቀዘቀዘ ባትሪ ያለውን ኃይል ሁሉ አይሰጥም፤ በበረዶ ቅዝቃዜ ቻርጅ ቢደረግ ደግሞ ይበላሻል።

ታዲያ በሳነቴ ላይ መኪናው ይነዳ? እዚህ ላይ መልሳችን ቁርጥ ያለ ነው፤ አይነዳም። ሳነቴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970 የተቋቋመው፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክፍል ነው። ባዶ የሚመስለው ሣር ባዶ አይደለም። ከሥሩ በዓለም ላይ በባሌ ብቻ የሚገኘው ትልቁ ፍልፈል ይኖራል፤ ከላዩ ቀይ ቀበሮ ያደባል። ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያደጉት ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ያሉት እዚህ ነው። የአካባቢው ሰው በኦሮምኛ «ጄዳላ ፈርዳ»፣ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት፣ ይለዋል።

የዚህ እንስሳ የቤተሰብ ኑሮ ለዚህ ዓምድ የተፈጠረ ይመስላል። በመንጋ ይኖራሉ፤ ማታና ማለዳ ተሰባስበው ወሰናቸውን ይቃኛሉ፤ አደን ሲሆን ግን እያንዳንዱ ለብቻው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንዲቷ ዋና ሴት ናት፤ ሌሎቹ፣ ወንዶቹም ጭምር፣ ቡችሎቹን ይጠብቃሉ፣ ምግብ ያመጣሉ። ፍልፈሉን ለመያዝ ቀበሮው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ጸጥ ብሎ ረጅም ጊዜ ይቆማል። በዚያ መካከል የሚጮህ መኪና ቢያልፍ የግማሽ ቀን ድካሙ ከንቱ ይሆናል፤ ያም ምግብ ለግልገሎቹ የሚሄድ ነበር። ውሻም ይዘው አይውጡ። ከቤት ውሻ የሚተላለፍ የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ቀበሮዎችን በመንጋ የፈጀበት ጊዜ ከአንድ በላይ ነው። ትልቁንም መኪና ቢሆን ከመንገድ አያስወጡ፤ ሾፌሩን «ቀስ በል» ማለት የእርስዎ ድርሻ ነው። ልጆቹ ጅባራውን ከሩቅ እየቆጠሩ፣ ቀበሮውን በመስኮት እየፈለጉ ይሂዱ። በዲንሾ በኩል ሲያልፉ ደግሞ በጋይሳይ ሜዳ ከአገራችን በቀር የትም የሌለውን የደጋ አጋዘን ከመንገዱ ሳይወርዱ ሊያዩ ይችላሉ።

ማታ ወደ ማረፊያዎ ሲመለሱ ልጁ መጀመሪያ የሚጠይቅዎ መሰኪያ የት እንዳለ ነው። ይህን ለልጅ አይተዉት። የእነዚህ መኪኖች ባትሪ ብዙውን ጊዜ ሊቲየም ነው፤ ከተመታ፣ ካበጠ ወይም ከልክ በላይ ከተሞላ በእሳት ይነሣል፤ ጭሱም መርዝ ነው። አልጋ ላይ፣ ምንጣፍ ላይ፣ ከመጋረጃ ሥር አይሰካ። ሰባራ ምጣድ ወይም ሸክላ ላይ ይቀመጥ፤ ሰው ሳይተኛ፣ ዓይን እያየው ይሞላ፤ ሊጠብቁት ካልቻሉ ይንቀሉት። መብራት ሄዶ ሲመለስ እንደተሰካ አይተዉት። ከሜዳ እንደመጣ ትኩስ ሳለ አይሞላ፤ ከብርድ እንደገባም ቤት ውስጥ እስኪሞቅ ይቆይ። እንደ ዳቦ ያበጠ ባትሪ ዘመኑ አልፏልና ለማንም ልጅ አይስጡት።

ከሮቤ በአውሮፕላን የሚመለሱ ከሆነ መኪናው በሻንጣ ሊሄድ ይችላል፤ ትርፍ ባትሪው ግን ጫፉ በፕላስተር ተሸፍኖ በእጅዎ ቦርሳ ይግባ፤ ከሥር በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ትርፍ ሊቲየም ባትሪ አይፈቀድም። ለጉዞም ሆነ ለማስቀመጥ ግማሽ ያህል የተሞላ ይሁን። ዋልካውን ሳይደርቅ አይጥረጉት፤ ሲደርቅ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይራገፋል። ልጁ ላጥበው ብሎ ባልዲ ቢያመጣ ይከልክሉት፤ ውሃ ተቀባዩንና ሞተሩን ይገድላል። የሽቦውን መኪና ግን እስከ መሪው ድረስ ቢነክሩት ምንም አይሆንም።